የጉርድ ፎቶግራፍ ብርሃንና የፊት ገጽታ

የሰው ፊት የስሙ ማኅተም ነው። አንድ ስም ለብዙ ሰዎች መጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ ፊት ግን ለእያንዳንዱ ለብቻው የተሰጠ ስለ ሆነ፥ ሰው በሌለበት ስፍራ ስለ ማንነቱ የሚመሰክርለት ከመልኩ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ስለዚህም ነው ፓስፖርት የሚያወጣ፥ ልጁን በትምህርት ቤት የሚያስመዘግብ፥ ሥራ የሚቀጠር፥ በባንክም ሒሳብ የሚከፍት ሰው፥ ከደረቱ በላይ ያለውን መልኩን የሚያሳይ፥ በተለምዶ ጉርድ ፎቶግራፍ የሚባለውን ወረቀት ይዞ እንዲቀርብ የሚጠየቀው። ወርዷ ሦስት፥ ቁመቷ አራት ሳንቲሜትር ያህል የሆነች ይህች ወረቀት በመጠኗ ብታንስም ሥራዋ ትልቅ ነው። ባለመልኩ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ እርስዋ በሹም ጠረጴዛ ላይ ስለ እርሱ ትቆማለች፤ ባለመልኩ ከዚህ ዓለም በተለየም ጊዜ እርስዋ ትቀራለች።

በደብረ ታቦር ዙሪያና በጠቅላላው በደቡብ ጎንደር ደጋ፥ ከሽማግሎች ወገን በዕድሜው ሙሉ ለመታወቂያ ከተነሣው ጉርድ በቀር ሌላ ፎቶግራፍ የሌለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ባረፈ ጊዜ ልጆቹ ያችኑ ጉርድ ወደ ፎቶግራፍ ቤት ወስደው ያሳድጓታል፤ በመስተዋት ክፈፍም አስገብተው በለቅሶው ቤት ያቆሟታል፤ ከዚያም በኋላ በግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። አባታቸውን በሕይወቱ ያላዩት የልጅ ልጆች «አያታችሁ ይህ ነው» ሲባሉ የሚመለከቱት እርስዋን ነው። እንግዲህ በችኮላና በክፉ ብርሃን የተነሣች እንደ ሆነ፥ በመንደሩ ሲያስታርቅና ሲመክር የኖረው ሽማግሌ፥ ዐይኑ በጥላ የተዋጠ፥ ግንባሩ የተኰሳተረ፥ ወንጀል ሠርቶ የተያዘ የሚመስል ሰው ሆኖ ለትውልድ ይተላለፋል። ይህ በደል ነው፤ በደልነቱም የሚብሰው በጥቂት ዕውቀት ሊቀር ሲችል ባለመቅረቱ ነው።

የደብረ ታቦር ከተማ ስምዋን ያገኘችው ጌታ መልኩን ከለወጠበት ከታቦር ተራራ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው በዓል ሊቃውንት ስለ ፊትና ስለ ብርሃን አንድነት በሰፊው ይተረጕማሉ። የዚህ ጽሑፍ ነገር ግን ከዚያ ምሥጢር በብዙ የራቀ የእጅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ፊት ያለ ብርሃን እንደማይታወቅ፥ ብርሃንም እንደ አወራረዱ ፊትን እንደሚያከብር ወይም እንደሚያዋርድ ለማስተዋል፥ የዚህች ከተማ ሰው ከማንም ይልቅ የቀረበ መሆን ይገባዋል።

የአገሪቱም ታሪክ ስለዚህ ጕዳይ የሚያስተምረው አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ዋና ከተማቸው አድርገው በነበረበት ዘመን፥ በአቅራቢያዋ በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞች መድፍ ያቀልጡላቸው ነበር። በዚያው ዘመን በአውሮፓ የፎቶግራፍ ጥበብ ከተገለጠ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ነገር ግን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ለትውልድ የደረሰው በሠዓሊዎች እጅ ስለ ሆነ፥ አንዱ ሥዕል ከሌላው አይስማማም። በ1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ከወጡና በዚያም ካረፉ በኋላ፥ የእንግሊዝ ጦር የሰባት ዓመቱን ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። እናቱም እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በመንገድ ሳሉ ዐረፉ። ልጁን ወደ እንግሊዝ አገር የወሰደው፥ አማርኛ የሚያውቀውና በኢትዮጵያ ባሻ ፈለቀ የተባለው ካፒቴን ስፒዲ ነበር።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፥ ዋይት በምትባለው ደሴት የምትኖር ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ የልዑሉን መልክ አነሣች። ይህች ሴት የኤሌክትሪክ መብራት አልነበራትም፤ የፎቶግራፍ ቤትዋም ቀድሞ የዶሮ ቤት የነበረ በመስተዋት የተሸፈነ ጎጆ ነው። የዚያን ዘመን የፎቶግራፍ መስተዋት ለቀይና ለቢጫ ብርሃን የደነቈረ ስለ ነበረ፥ ጠይም ቆዳን ከእውነቱ ይልቅ አጥቍሮ ያሳይ ነበር፤ ተነሺውም ለብዙ ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ይህ ሁሉ ችግር ሳለ፥ ዛሬም ያንን ምስል የሚመለከት ሰው ጕንጩን፥ ከንፈሩን፥ የዐይኑንም ኀዘን ለይቶ ያያል። ልዑሉ ወደ አገሩ ሳይመለስ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ በዊንዘርም ተቀበረ። ስለ ልጅነቱ ብዙ ቃል ከመጻፉ ይልቅ ያ ፊት የብዙውን ሰው ልብ ነክቶ ኖሯል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከአንድ ወገን በለስላሳ የሚገባ የቀን ብርሃንና የማይቸኵል ባለሙያ ከተገኙ፥ ጠይም ፊት በሚገባ ይነሣል። ስለዚህ «መሣሪያ የለንም» የሚለው ምክንያት ከ150 ዓመት በፊት የተሻረ ነው።

ወደ አገር ውስጥም ሲመለሱ፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመጡት አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፥ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም፥ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆነው የነገሥታቱንና የመኳንንቱን መልክ ለታሪክ አኑረዋል። በእነዚያ ምስሎች ሳቅ አይታይም፤ ነገር ግን ፍርሃትም አይታይም። በክብር የተቀመጠ፥ ራሱን የሚያውቅ ሰው ይታያል። ይህ በክብርና በፍርሃት መካከል ያለው ልዩነት ወደ ኋላ የሚገለጥ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ስለ ብርሃን መናገር ይገባል።

የካሜራና የፊልም ሥራ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲሻሻል፥ መለኪያው የነጭ ሰው ቆዳ ሆኖ ኖረ። በ20ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቀለሙ ትክክል መሆኑን ለማመሳከር ለፎቶግራፍ አጣቢዎች የሚልከው ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ያለበት ነበር፤ ስሙም ሸርሊ ይባል ነበር። የጥቁር ሰው ፊት ከነጭ ሰው ጋር በአንድነት ሲነሣ ጠቍሮ መልኩ እስኪጠፋ ድረስ ይታይ እንደ ነበረ ወላጆች ቢያመለክቱም፥ ኩባንያው በብርቱ ያሰበበት የቸኮላታና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች «የዕቃችን ቡናማ ቀለም በትክክል አይታይም» ብለው ባመለከቱ ጊዜ ነበር። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ሰዎች በአንድነት የታዩበት ካርድ የወጣው ከ1980 ዓ.ም. በኋላ ነው።

ፊልም ቀርቶ ዲጂታል ካሜራ ከመጣም ወዲህ ነገሩ ፈጽሞ አልቀረም። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ትምኒት ገብሩና ባልደረባቸው ጆይ ቡኦላምዊኒ በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ፊትን አይተው ወንድና ሴትን ይለያሉ የተባሉትን የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ፈትነው ነበር። ቆዳቸው ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ የመሣሪያዎቹ ስሕተት ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፥ ቆዳቸው ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ከመቶ ደርሶ ተገኘ። ይህንንም የሚሰማ ሹም ሁሉ ሊያስብበት ይገባል፤ መሣሪያው ራሱ ጠይም ፊትን ለማወቅ የሚደክም ከሆነ፥ በክፉ ብርሃን የተነሣ ምስል ሲሰጡት እንደ ምን ይሆናል?

ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ከሁሉ ይልቅ የሚነካው ችግር የነጭ ልብስ ነገር ነው። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሰውን ፊት ከልብሱ ለይቶ አያውቅም። በፊቱ ያለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ይለካና፥ ጠቅላላው መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን አድርጎ ብርሃኑን ይወስናል። እንግዲህ አንድ ካህን ነጭ ጥምጣም ጠምጥሞ፥ ነጭ ጋቢም ለብሶ በነጭ መጋረጃ ፊት ሲቀመጥ፥ መለኪያው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ጥምጣሙ ግራጫ፥ ፊቱ ደግሞ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ነጠላ የተከናነበች እናትም እንደዚሁ ትሆናለች። በአንጻሩ ጥቁር ካባ የደረበ ሰው በጥቁር መጋረጃ ፊት ቢቀመጥ መለኪያው ብርሃን ይጨምርና ፊቱ ይነጣል፤ የቆዳው መልክም ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ብርሃኑ መለካት ያለበት በጥምጣሙ ወይም በካባው ላይ ሳይሆን በፊቱ ላይ ነው። በእጅ ስልክ የሚያነሣ ሰው በመስተዋቱ ላይ የተነሺውን ጕንጭ በጣቱ ቢነካ ስልኩ ብርሃኑን ለፊቱ ያስተካክላል። በካሜራ የሚያነሣም አንድ ጊዜ አንሥቶ ምስሉን መመልከት፥ ፊቱ ከጠቈረም ጥቂት ብርሃን ጨምሮ እንደ ገና ማንሣት ነው። ጥምጣሙ ጥቂት ቢነጣ የሚጎዳ ነገር የለም፤ ካህኑን የሚያሳውቀው የጨርቁ እጥፋት ሳይሆን ፊቱ ነውና።

ሁለተኛው ነገር የፀሐይ ጠባይ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ በስተ ምሥራቅዋም ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ያለባት አገር ስለ ሆነች፥ በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለ፥ ፀሐይዋም ብርቱ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ በግቢ ውስጥ የተነሣ ሰው ብርሃኑ ከአናቱ ስለሚወርድበት፥ ግንባሩና አፍንጫው ሲያበሩ ዐይኖቹ ግን እንደ ሁለት ጕድጓድ ይጨልማሉ፤ ፀሐይዋም ስትወጋው ዐይኑን ይጨፍናል። ከዛፍ ሥር ቢያስቀምጡትም በቅጠሉ መካከል የሚወርደው ብርሃን ፊቱን እንደ ነብር ያዥጐረጕረዋል። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የደጃፍ ብርሃን ነው። ተነሺው በቤት ውስጥ፥ ከደጃፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ፥ ፊቱን ወደ ውጭ ሰማይ መልሶ ቢቀመጥ፥ ፀሐይዋ ሳትነካው ለስላሳ ብርሃን ፊቱን ይሞላዋል። በገበያ ቀን እየተዘዋወረ የሚያነሣ ሰው ከአንዱ ሱቅ ደጃፍ የተሻለ የፎቶግራፍ ቤት አያስፈልገውም።

የፎቶግራፍ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ መስኮቱን በወዴት በኩል እንደሚከፍት ማሰብ አለበት። በአውሮፓ ያሉ ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባበት በስተ ሰሜን ያለውን መስኮት ይመርጡ ነበር። ደብረ ታቦር ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ12 ዲግሪ አቅራቢያ ስለምትገኝ፥ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ጊዜ በስተ ሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በስተ ደቡብ ትሆናለች። ስለዚህ በበጋ የሰሜኑ መስኮት ይመረጣል፤ በሌላው ጊዜ ደግሞ የደቡቡ። አንድ መስኮት ብቻ ያለው ሰው ፀሐይ በምትገባበት ወራት ስስ ነጭ ሻሽ ቢጋርድበት ብርሃኑ ይለሰልስለታል። በክረምትም ደመናው ራሱ የሰማይ መጋረጃ ስለ ሆነ፥ ዝናቡ ባበራ ጊዜ የሚገኘው ብርሃን ለፊት እጅግ የተስማማ ነው።

መስኮቱ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥርዐት እንዲህ ነው። ተነሺው መስኮቱን ፊት ለፊት ወይም ጥቂት ወደ ጎን አድርጎ ይቀመጣል፤ ብርሃኑም ከዐይኑ ጥቂት ከፍ ካለ ስፍራ ይመጣ ዘንድ ይገባል። ብርሃን በማይደርስበት ጕንጭ በኩል ነጭ ጨርቅ ወይም ነጭ ካርቶን ቢቆም፥ ከመስኮቱ የመጣውን መልሶ ጥላውን ያቀልለታል። መጋረጃው ከተነሺው ጀርባ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቢርቅ ጥላው በመጋረጃው ላይ አይወድቅም። ካሜራው በዐይን ትክክል ይሁን፤ ወደ ፊትም እጅግ አይቅረብ፤ ከቅርብ የተነሣ ፊት አፍንጫው ይገዝፋል፥ ጆሮውም ያንሳልና። አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር መራቅ ይበቃል። በመጨረሻ የተነሺውን ዐይን መመልከት ነው፤ በሁለቱም ብሌን ውስጥ የመስኮቱ ብርሃን ትንሽ ነጥብ ሆኖ ከታየ ብርሃኑ ተስተካክሏል ማለት ነው። ያ ነጥብ የሌለው ዐይን በምስል ላይ የሞተ ይመስላል።

በመብራት የሚሠሩ ፎቶግራፍ ቤቶችም አሉ። የእነርሱ ስሕተት ብዙ ጊዜ በካሜራው ራስ ላይ ያለውን ፍላሽ በቀጥታ ወደ ፊት መተኰስ ነው። እንዲህ ያለው ብርሃን ጠባብና ብርቱ ስለ ሆነ የፊትን ቅርጽ ያጠፋል፤ ላብ ወይም የራስ ቅቤ የነካውን ግንባር እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፤ ከራስም ጀርባ ጥቁር ጥላ ይጥላል። ፍላሹን ወደ ነጭ ጣራ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ መልሶ መተኰስ፥ ወይም በነጭ ጃንጥላ ማሳለፍ ብርሃኑን ሰፊና ለስላሳ ያደርገዋል። አምፖልም ቢሆን ርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ እንደሚወርድ መታወቅ አለበት፤ አንድ ክንድ ማቅረብና ማራቅ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ስለዚህ ነው። የግንባርን ወዝ በንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርጎ መጥረግ ይገባል፤ ፈጽሞ ማድረቅ ግን አይገባም፤ የጠይም ቆዳ ውበት በጕንጭና በግንባር ላይ በሚያርፈው ቀላል ወዝ ይታወቃልና። መብራት በጠፋ ጊዜም ደንበኛውን «ነገ ተመለስ» ከማለት ይልቅ ወደ ደጃፍ ማውጣት ይቻላል። የማሊ ሰው ሴይዱ ኬይታ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 በባማኮ ከተማ ፎቶግራፍ ቤት ከፍቶ፥ ብዙውን ሥራውን በግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ሠርቶ፥ ዛሬ ምስሎቹ በታላላቅ ቤተ መዘክሮች ይታያሉ።

በዚህ ላይ በዘመኑ የገባ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም ምስሉ ከተነሣ በኋላ በኮምፒዩተር ፊቱን ማንጣት፥ የግንባርን መሥመር መደምሰስ፥ ጠባሳን ማጥፋት ነው። ባለሙያው ደንበኛውን ያስደሰተ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የቀረበው ሰው ጠይም፥ ምስሉ ቀይ ሲሆን፥ ሹሙ ምስሉን ከባለመልኩ ጋር አስተያይቶ ሊጠራጠር ይችላል፤ ችግሩም የሚወድቀው በተነሺው ላይ ነው። ከዚህም የሚከፋው፥ ሰው እግዚአብሔር የሰጠው መልክ የሚታረም ስሕተት እንደ ሆነ መማሩ ነው። በመልካም ብርሃን የተነሣ ጠይም ፊት ማንጣት አያስፈልገውም፤ አንጥተው የሚያወጡትም ብዙ ጊዜ በማንሣት ጊዜ ያበላሹትን ለመሸፈን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ፊት ገጽታ እንመለስ። ብዙ ሰው በካሜራ ፊት ሲቀመጥ ፊቱ የራሱ መሆኑ ይቀራል። ትንፋሹን ይይዛል፤ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ መንጋጋው ይጠብቃል። ይህን ሁኔታ አንዳንዱ ጨዋነት ነው ይለዋል፤ ነገር ግን ጨዋነት ሌላ፥ ድንጋጤ ሌላ ነው። የጥንት የአገራችን ሠዓሊዎች ይህን ለይተው ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው በሙሉ፥ ሁለቱም ዐይኖቻቸው ተገልጠው ይሣላሉ፤ ርኵሳንና ከሐዲዎች ግን በጎን በኩል፥ በአንድ ዐይን ይሣላሉ። በጎንደር ዘመን ሁለተኛ ክፍል፥ በ18ኛው ምዕት ዓመት፥ ሠዓሊዎች ፊትን በጥላና በብርሃን ማጕላት በጀመሩ ጊዜም፥ የቅዱሳኑ ፊት አልሳቀም፥ አልተኰሳተረምም፤ ጸጥ ብሎ የሚመለከተውን ይመለከታል። ጉርድ የሚያነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ መምህር አያገኝም፤ ሁለቱ ዐይኖች ይታዩ፥ ብርሃንም ያግኙ፥ ፊቱም ጸጥ ይበል።

ጸጥታው የሚመጣው ግን በትእዛዝ አይደለም። «ቀና በል! አትነቃነቅ! ወደዚህ እይ!» የሚል ቃል የተነሺውን ፊት ያስደነግጠዋል እንጂ አያረጋጋውም። ከጉና ሥር የመጣውን ገበሬ «አባቴ፥ ገብሱ ዘንድሮ እንደ ምን ነው? ድንቹስ?» ብሎ መጠየቅ፥ የቅኔውን መምህር «የኔታ፥ ዘንድሮ ስንት ደቀ መዝሙር አለዎ?» ማለት፥ ገበያ ውላ የመጣችውንም እናት ስለ ልጆችዋ ማናገር፥ የጠበቀውን መንጋጋ ይፈታዋል። ሰው ስለሚወደው ነገር ተናግሮ ዝም ባለ ጊዜ፥ ንግግሩ ካበቃ በኋላ ለጥቂት ቅጽበት በፊቱ ላይ የሚቀር ብርሃን አለ፤ ማንሣት ያን ጊዜ ነው። አስቀድሞም አንድ ጊዜ በረጅሙ ተንፍሶ ትከሻውን እንዲጥል፥ አገጩን ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ታች እንዲያደርግ በትሕትና መንገር ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ አንሥቶ ማሰናበትም አይበቃም፤ የዛሬው ካሜራ ፊልም አይጨርስምና አምስት ጊዜ አንሥቶ ከመካከላቸው የሚሻለውን ባለቤቱ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ወጪ የለበትም።

ለፓስፖርትና ለመሳሰለው ሰነድ የሚሆነው ገጽታ የራሱ ደንብ አለው። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው መመሪያ መሠረት፥ ተነሺው ፊቱን በቀጥታ ወደ ካሜራው መልሶ፥ ዐይኑን ገልጦ፥ አፉን ገጥሞ፥ ሳይስቅና ሳይኰሳተር መነሣት አለበት፤ ብርሃኑም በፊቱ ላይ እኩል ይውረድ፥ ጥላም አይኑርበት ይላል። በሃይማኖት ምክንያት የሚደረግ የራስ ልብስ፥ ከግንባር እስከ አገጭ ያለውን ፊት ካልሸፈነና ጥላ ካልጣለበት፥ ሊፈቀድ ይችላል። ካህናት ጥምጣማችንን ማውለቅ የግድ ነው ብለው የሚያዝኑበት ጊዜ ስላለ፥ ይህ ነገር በግልጽ ሊነገር ይገባል። በዚህ ደንብ ውስጥ ሳቅ ቢከለከልም ደግነት አልተከለከለም፤ አፉ የተገጠመ ሰው ዐይኑ የተረጋጋ ሊሆን ይችላልና።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የሹማምንት ግዴታ ነው። ጉርዱ ጠቍሯል፥ ወይም ጥላ አለበት ተብሎ የሚመለስ ባለጉዳይ ከእስቴ ወይም ከስማዳ ገጠር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የሚመለሰውም የአንድ ቀን ሥራውንና የመንገድ ወጪውን ትቶ ነው። ጥፋቱ የፎቶግራፍ ቤቱ ሲሆን ቅጣቱ በገበሬው ላይ ያርፋል። ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚቀበሉትና የማይቀበሉት ጉርድ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሁለቱንም በምሳሌ አስቀምጠው በደጃቸው ቢለጥፉ፥ ለከተማውም ፎቶግራፍ ቤቶች ያንኑ ቢያድሉ፥ ብዙ እንግልት ይቀራል። ደግሞም በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284/2015 መሠረት ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ሲሰጥ፥ የተመዝጋቢው ፊት የሚነሣው በምዝገባው ስፍራ በመዝጋቢው እጅ ነው። እንግዲህ መዝጋቢው ራሱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል ማለት ነው። ወንበሩን ከመስኮቱ ጀርባውን አድርጎ ያኖረ እንደ ሆነ፥ ቀኑን ሙሉ የሚያነሣቸው ፊቶች ሁሉ ጠቍረው ይመዘገባሉ፤ ወንበሩን አዙሮ የተነሺው ፊት ወደ መስኮቱ እንዲመለስ ያደረገ እንደ ሆነ ግን፥ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ የብዙ ሰው መልክ ያቃናል።

የካህናትም ድርሻ አለ። ደቡብ ጎንደር እነ ቤተ ልሔም የድጓ፥ እነ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሚሰጥባቸው የታላላቅ ጉባኤያት አገር ነው። በእነዚህ ጉባኤያት ዕድሜያቸውን የፈጸሙ ብዙ መምህራን ስማቸው በደቀ መዛሙርት አፍ ሲኖር መልካቸው ግን አልቀረም። የዛሬዎቹ መምህራን አንዳንዶቹ ከትሕትና፥ አንዳንዶቹም ከካሜራው ግርግር የተነሣ መነሣትን ይሸሻሉ። ትሕትናቸው የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ደቀ መዝሙር የመምህሩን ቃል እንደሚጠብቅ ሁሉ መልኩንም ለሚመጣው ትውልድ ቢጠብቅ ነውር የለበትም። ከጉባኤው በኋላ፥ በቤተልሔሙ ወይም በዕቃ ቤቱ ደጃፍ፥ በለሰለሰ ብርሃን፥ ያለ ችኮላ የተነሣ አንድ ጉርድ፥ ለመታወቂያም ለመታሰቢያም ይበቃል።

እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል፥ መልካም ጉርድ ለማንሣት የሚያስፈልገው መስኮት ወይም ደጃፍ፥ አንድ ነጭ ጨርቅ፥ ብርሃንን ከልብሱ ሳይሆን ከፊቱ ላይ የሚለካ ዐይን፥ ደግሞም ተነሺውን እንደ እንግዳ የሚቀበል አንደበት ነው። እነዚህ ሁሉ ደብረ ታቦር ውስጥ ይገኛሉ፤ በጋይንትም፥ በፎገራም፥ በደራም አይታጡም። ፎቶግራፍ አንሺ የሆነ ሁሉ፥ ዛሬ በጥቂት ብር የሚያነሣት ትንሽ ወረቀት ነገ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የምትቀር ብቸኛ መታሰቢያ ልትሆን እንደምትችል እያሰበ ይሥራ። ሹምም ጉርዱን ሲቀበል፥ በወረቀቱ ላይ የተቀመጠው ሰው መሆኑን አይርሳ። የሰውን ፊት በእውነተኛ ብርሃን ማስቀመጥ ሰውን የማክበር አንዱ ክፍል ነውና።